ከባዱን ሚዛን ማን ተሸከመ?

ሙታንን ከየመቃብራቸው አስነሥቶ ማጋጠም የሰው ልጅ የቆየ ጨዋታው ነው። ፔሌና ማራዶና በአንድ ዘመን ቢጫወቱ ኖሮ፣ ይህ የጦር አለቃ ከዚያኛው ፊት ቢሰለፍ ኖሮ እያልን ያልሆነውን እንደ ሆነ ቆጥረን እንሟገታለን። የዚህ ዓይነቱ ሙግት አውራ ግን የከባድ ሚዛን ቡጢ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። በሌላው ስፖርት መካከል ኳስ አለ፣ የቡድን ጓደኛ አለ፣ ፈረስ አለ። በቡጢ ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ቆሞ ይቀራል፣ ሌላው ይወድቃል። ታዲያ ከሁሉ የላቀው ማን ነበር? ጃክ ጆንሰን? ጆ ሉዊስ? ሮኪ ማርሲያኖ? መሐመድ አሊ? ወይስ ማይክ ታይሰን?

ጥያቄውን ለማሽን የሰጡም ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ በእኛ መሆኑን ካልገለጽሁ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1967 አንድ አሜሪካዊ የሬዲዮ አዘጋጅ የዐሥራ ስድስት ሻምፒዮኖችን መረጃ ለኮምፒውተር አስገብቶ በሬዲዮ የሚተላለፍ ምናባዊ ውድድር አካሄደ። ማሽኑም ማርሲያኖን አነገሠ። በሩብ ፍጻሜው ጄምስ ጄፍሪስ ረታው የተባለው መሐመድ አሊ ስሜን አጠፋችሁ ብሎ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ጉዳዩ በስምምነት አለቀና በ1969 ቡጢ ከተወ ዓመታት ያለፉት ማርሲያኖና እንዳይጋጠም የታገደው አሊ በካሜራ ፊት እንደ ተዋናይ ተጋጠሙ። ፊልሙ በጥር 1970 ሲታይ በአሜሪካ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ፤ ለአውሮፓ በቀረበው ቅጂ ግን ድሉ የአሊ ሆነ። ማርሲያኖ ውጤቱን አላየም። በነሐሴ 1969 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ ነበር። ማሽኑም እንደ ሰው ተመልካቹን እያየ ፈረደ ማለት ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሳመሳክር እውላለሁ፤ ግጥም የምሞካክረው ማታ ማታ ነው። በምሳ ሰዓት ይህ ክርክር በባልደረቦቼ መካከል አልፎ አልፎ ይነሣል። ጎልማሶቹ አሊን ይጠራሉ፣ ወጣቶቹ ታይሰንን። ሁሉም ማስረጃው ቁጥር ነው። ይህ ከሙያችን የመጣ አመል ሳይሆን አይቀርም።

እስቲ ቁጥሮቹን እንያቸው። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ አሸንፎ፣ አንድም ሽንፈት ሳይቀምስ በ1956 ጓንቱን ሰቀለ። ጆ ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ሻምፒዮን ሆኖ ዘውዱን 25 ጊዜ አስጠበቀ። አሊ ዘውዱን ሦስት ጊዜ ጨበጠ። ታይሰን በ1986 ገና በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን ሲሆን በዕድሜ ከሁሉም ያነሰ ነበር። ጆርጅ ፎርማን ደግሞ በ1994 በ45 ዓመቱ ያጣውን ዘውድ መልሶ ጫነ። እነሆ፣ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱን ንጉሥ ያነግሣል። ድል የሚቆጥር ማርሲያኖን፣ ዘመን የሚቆጥር ሉዊስን፣ መነሣትን የሚቆጥር አሊን ይመርጣል። ቁጥሩ አልዋሸም። ነገር ግን ቁጥር የሚመልሰው የጠየቁትን ብቻ ነው።

በሙያዬ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ በአንድ ወገን የተጻፈ ቁጥር በሌላው ወገን ጓደኛውን ካላገኘ ሒሳቡ አይዘጋም። ቋንቋችንም ይህንኑ ያውቃል። ግጥምና ግጥሚያ የበቀሉት ከአንድ ሥር ነው። ሁለተኛው ስንኝ ሳይመጣ የመጀመሪያው ቤት አይመታም፤ ብቻውን የቆመ ቡጢኛም ክንዱ ምንም ቢበረታ አልተጋጠመምና ታላቅነቱ አይታወቅም። ስለዚህ ስለ አንድ ሻምፒዮን ልንጠይቅ የሚገባን ስንት አሸነፈ ብለን ብቻ አይደለም። ማንን ገጠመ? ማንንስ ሳይገጥም ቀረ?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ መዝገቡ ስንመለስ ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጉድለት እናገኛለን። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ጣዖት የነበረው ጆን ሱሊቫን ከጥቁር ጋር እንደማይጋጠም በግልጽ ተናግሮ ነበር። በዘመኑ ከታወቁት ኃያላን አንዱ የነበረው ጥቁሩ ፒተር ጃክሰን ዘውዱን ለመጠየቅ ዕድል ሳያገኝ ሞተ። ይህ ሕግ ሆኖ በወረቀት አልሰፈረም። ልማድ ነበረ፤ ልማድ ደግሞ ይግባኝ የሚባልበት ችሎት የለውም።

ልማዱን መጀመሪያ የሰበረው በቴክሳስ ጋልቨስተን የተወለደው ጃክ ጆንሰን ነው። ሻምፒዮኑን ቶሚ በርንስን እስከ እንግሊዝ፣ ከዚያም እስከ አውስትራሊያ ተከትሎ ሄደ። በርንስ 30 ሺህ ዶላር ካልተከፈለኝ አልገጥምም አለ፤ ገንዘቡ ተገኘ። በታኅሣሥ 26 ቀን 1908 በሲድኒ ግጥሚያውን በ14ኛው ዙር ያስቆመው ፖሊስ ነበር። ከዚህ በኋላ ሳይሸነፍ ቡጢ ትቶ የነበረው ጄምስ ጄፍሪስ የነጭን ዘር ክብር እንዲያስመልስ ተለምኖ ተመለሰ። በሐምሌ 4 ቀን 1910 በሬኖ ከተማ ጆንሰን በ15ኛው ዙር ጣለው። በዚያ ምሽት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጥቁሮች ተደበደቡ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በ1912 ኮንግረሱ የቡጢ ፊልሞች ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይጓጓዙ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ጡጫውን ማሸነፍ ሲያቅታቸው ምስሉን አሰሩት።

ይሁን እንጂ ታሪክ ለወደድናቸውም አያዳላም። ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ጆንሰን ራሱ ለጥቁር ተጋጣሚዎች ደጁን ዘጋ ለማለት ይቻላል። በ1906 በነጥብ አሸንፎት የነበረውና ከዚያ ወዲህ እጅግ የበረታው ሳም ላንግፎርድ እንደገና ልግጠምህ እያለ ቢወተውትም ጆንሰን ጆሮ አልሰጠውም። ጥቁር ከጥቁር ጋር የሚያደርገው ግጥሚያ ብዙ ገንዘብ አያስገኝም ነበርና ምክንያቱ ሊገባን ይችላል፤ ጉድለቱ ግን ጉድለት ነው። በ1915 ጆንሰን በሃቫና በጄስ ዊላርድ ተሸነፈና ደጁ ሙሉ በሙሉ ተከረቸመ። የ1920ዎቹ ጀግና ጃክ ዴምፕሲም ቢሆን ለዓመታት ሲጠይቀው ከኖረው ከጥቁሩ ሃሪ ዊልስ ጋር ሳይጋጠም ዘመኑን ፈጸመ። ከ1915 ጀምሮ ለ22 ዓመታት አንድም ጥቁር ለከባድ ሚዛን ዘውድ አልተጋጠመም። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት የተጻፈው የሻምፒዮኖች ዝርዝር ገሚሱ የተቀደደ መዝገብ ነው።

ጆ ሉዊስ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1914 በአላባማ ገጠር ተወልዶ በዲትሮይት ያደገ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ የጆንሰን ዘመን ትዝታ እንዳይቀሰቀስ ጥብቅ ሥርዓት አበጁለት። የጣለውን ሰው ቁልቁል እያየ እንዳይፈነድቅ፣ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ እንዳይነሣ፣ በአደባባይ እንዳይታበይ መከሩት። ሌላው ሻምፒዮን ለመሆን ማሸነፍ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ሉዊስ ግን ማሸነፉ ይቅር እንዲባልለት ጭምር መድከም ነበረበት።

በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ እኛን የሚነካ ምዕራፍ አለ። በኅዳር 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ተነሥቶ የኢጣሊያ ጦር ወደ ኤርትራና ሶማልያ ሲግተለተል የጥቁር አሜሪካውያን ልብ ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። በኒው ዮርክ ሐርለም ስብሰባና ሰልፍ በረከተ። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰንም በ1935 አዲስ አበባ ገብቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ። በዚያው ዓመት ሰኔ 25 ቀን፣ ማለትም በእኛ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የ21 ዓመቱ ጆ ሉዊስ በያንኪ ስታዲየም ከኢጣሊያዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተሰለፈ። ካርኔራ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ክብደቱ 118 ኪሎ የሚደርስ ግዙፍ ነበር፤ ሉዊስ 89 ኪሎ ይመዝን ነበር። ካርኔራ በ1933 የዓለም ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ የሙሶሊኒ መንግሥት የፋሺዝም ኃይል ምልክት አድርጎ አሳይቶታል። ጋዜጦች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ፍልሚያ አስመሰሉት። አስተዋዋቂው ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት ከ60 ሺህ ለሚበልጠው ተመልካች ዘርና እምነት ሳይለይ በጨዋነት እንዲመለከት እስከ መማጸን ደረሰ። ካርኔራ በ6ኛው ዙር ሦስት ጊዜ ወደቀና ዳኛው ግጥሚያውን አቆመ። ሐርለም በደስታ ጎርፍ ተጥለቀለቀች።

አንባቢ ሆይ፣ የዚያ ምሽት ደስታ ጦርነቱን አላስቀረም። በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። በሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። በሰኔ 19 ቀን 1936 እስከዚያ ድረስ ያልተሸነፈው ሉዊስ በጀርመናዊው ማክስ ሽመሊንግ በ12ኛው ዙር በዝረራ ወደቀ። ዐሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን በደል ተናገሩ። እነዚህን ቀኖች ጎን ለጎን የማስቀምጣቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ስለ ሆነ አይደለም። በዚያ ሰኔ በሐርለም ጎዳና ላይ ያለ ሰው ሁለቱንም ሐዘን በአንድ ትከሻ ተሸክሞ እንደ ነበረ ለማሳየት ነው። የአንድ ወጣት ጡጫ ከሚችለው በላይ ተጭኖበት ነበር።

ሉዊስ በሰኔ 22 ቀን 1937 በቺካጎ ጄምስ ብራዶክን በ8ኛው ዙር ጥሎ ዘውዱን ጫነ። ልክ በዓመቱ ሽመሊንግን ዳግመኛ ገጠመው። ናዚዎች ሽመሊንግን የዘራቸው የበላይነት ማስረጃ አድርገውት ነበር፤ ሰውየው ግን የናዚ ፓርቲ አባል እንኳ አልነበረም። ግጥሚያው የፈጀው 2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች በኋላ ወዳጆች ሆኑ፤ ሉዊስ በ1981 ሲሞት ሽመሊንግ ለቀብሩ ወጪ እጁን ዘረጋ። መንግሥታት በሁለቱ ላይ የጫኑትን ጠላትነት እነርሱ ራሳቸው አራገፉት።

በሉዊስ ላይ የሚቀርበውን ክስ አልሸሽግም። ከተጋጣሚዎቹ ብዙዎቹ ደካሞች ነበሩ፤ በ1941 ገደማ በየወሩ የሚገጥማቸውን ሰዎች ጋዜጠኞች እስከ መሳለቅ ደርሰዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በክብደት ብዙ የሚያንሰው ቢሊ ኮን እስከ 12ኛው ዙር በነጥብ ሲመራው ቆይቶ በ13ኛው በዝረራ ባይወድቅ ኖሮ ዘውዱን ይወስድ ነበር። ይሁንና ሉዊስ ደካሞቹን የገጠመው ብርቱዎቹን ሸሽቶ አልነበረም፤ ለዘውዱ የሚገባውን ተገዳዳሪ በቀለሙ ምክንያት ከደጁ አልመለሰም።

የከፈለው ዋጋም በመዝገቡ ሌላ ገጽ ላይ ሰፍሯል። በጥር 1942 የአንድ ግጥሚያ ሙሉ ገቢውን ለባሕር ኃይሉ መረዳጃ ሰጠ። ባሕር ኃይሉ በዚያን ጊዜ ጥቁሮችን በአብዛኛው ለምግብ ቤት አስተናጋጅነት ብቻ ይቀበል ነበር። ሉዊስ ለምን እንደዚያ አደረግህ ሲባል አልተቆጣም፤ ወታደር ሆኖ ዘመተ፣ በመጋቢት ደግሞ ለጦር ሠራዊቱ መረዳጃ ተጋጠመ። ከጦርነቱ በኋላ ግብር ሰብሳቢው መጣበት፤ ለበጎ የሰጠው ገንዘብ ጭምር እንደ ገቢ ተቆጠረበት። ዕዳው ከነወለዱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። በ36 ዓመቱ ወደ መድረክ የመለሰው ይህ ዕዳ ነው። በጥቅምት 1951 ወጣቱ ማርሲያኖ በ8ኛው ዙር ከገመዱ ውጭ ጣለው፤ ካሸነፈ በኋላም አለቀሰለት። ከማርሲያኖ 49 ድሎች አንዱ በዚህ ሉዊስ ላይ የተገኘ መሆኑን ድል የሚቆጥሩ ሁሉ ቢያስታውሱት መልካም ነው።

አሁን ወደ አሊ እንምጣ፤ እርሱን ሳይመዝን ይህን ክርክር የሚዘጋ የለምና። ካሲየስ ክሌይ በሚባልበት ጊዜ በመስከረም 5 ቀን 1960 በሮም ኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀ። አምስት ቀን ቆይቶ በዚያችው ከተማ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጦ ቀዳሚ ሆነ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ጦር የላከችብን ከተማ በአንድ ሳምንት ሁለቱን ልጆች አየች። አሊ በ1964 ማንም አይችለውም የተባለውን ሶኒ ሊስተንን በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ አስቀረው። በ1967 ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም ብሎ ዘውዱንና ሦስት ዓመት ተኩል የሚሆን የጉልምስና ዘመኑን አጣ። ተመልሶም በ1971 በጆ ፍሬዘር ተሸነፈ፤ በ1974 በኪንሻሳ 40 ጊዜ ተጋጥሞ ያልተሸነፈውን ፎርማንን በ8ኛው ዙር ጣለ፤ በ1975 በማኒላ ከፍሬዘር ጋር እስከ ሞት አፋፍ ተጓዘ። ከአሊ የከበዱ ተጋጣሚዎችን ያሸነፈ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን አላውቅም። ሁለቱ በተሟላ ጉልበታቸው ቢጋጠሙ ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ አሊ እላለሁ፤ እግሩን ማን ይደርስበታል? በእርሱም ላይ ግን አንድ ነገር ተመዝግቧል። በእገዳው ዘመን የደገፈውን ፍሬዘርን በዓለም ፊት ጎሪላ እያለ ሰደበው፤ ይቅርታ የጠየቀው በ2001 ነበር። ሉዊስ ከጣለው ሰው ላይ ክብሩን አልገፈፈም።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። እኔ ጆ ሉዊስን እመርጣለሁ። ምክንያቴን የማገኘው ከራሱ ከአሊ መዝገብ ነው። የአሊ ታላቅነት ማስረጃ ማን ነው? ሊስተን፣ ፍሬዘር፣ ኖርተንና ፎርማን ናቸው። አራቱም ጥቁሮች ናቸው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ተወልደው ቢሆን ኖሮ አራቱም ላንግፎርድና ዊልስ ይሆኑ ነበር፤ አሊም ራሱ አንድ ኃያል ግን ዘውድ አልባ ሰው ሆኖ በቀረ። ደጁ የተከፈተው በ1937 ነው፤ ከዚያ ወዲህም በከባድ ሚዛን ተመልሶ አልተዘጋም። ጆንሰን ደጁን ሰብሮ ገባ፣ ከኋላው ግን ዘጉት። ሉዊስ ገባና ለዐሥራ ሁለት ዓመት ደጁን በትከሻው ደግፎ ቆመ። አሊ ሸክሙን መርጦ አነሣ፤ ለዚህም ክብር ይገባዋል። ሉዊስ ግን ሳይጠየቅ የተጫነበትን፣ የሐርለምን ሐዘንና የአገሩን ጥርጣሬ፣ ሳያጉረመርም ተሸከመ። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሚለው ስም ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

በዚህ የማይስማማ ብዙ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ሙግቱም ይቀጥል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ዝርዝራችሁን ስትጽፉ ለሳም ላንግፎርድ አንድ ወንበር ተዉለት። በ1944 አንድ ጋዜጠኛ በሐርለም አንዲት ጎስቋላ ክፍል ውስጥ ሲያገኘው ዓይኖቹ ጠፍተው ነበር። በ1956 ሞተ። ዘውዱን በእጁ ሳይዝ፣ ለመያዝ እንኳ ሳይፈቀድለት። ለእርሱ አራት መስመር እነሆ፦

ሚዛን ያልወጣውን ክብደቱን ማን አይቶ፣
መዝገቡ ይጻፋል ግማሹ ተረስቶ፤
ስንኝ ያለ ጓዱ ቤት እንደማይመታ፣
ድልም ያለ አቻ፣ የልጆች ጨዋታ።